የፒኬኤም2 አነቃቂ ውህድ ለውጥ አላሳይ አለኝ፤ ኢንዛይሙን እንዴት ላጥራው?

ሰላም ለሁላችሁ። በብዙ ካንሰሮች በብዛት የሚገኘውን ፒሩቬት ካይኔዝ ኤም2 (ፒኬኤም2) የተባለውን ኢንዛይም የሚያነቃቁ ውህዶችን እየፈተሽኩ ነው። የታወቀው አነቃቂ ቴፕ-46 እንኳ በ10 ማይክሮሞላር ፍጥነቱን የሚጨምረው በ20 በመቶ ብቻ ነው።

አሠራሩ፦ ትሪስ 50 ሚሊሞላር (ፒኤች 7.5)፣ ፖታሲየም ክሎራይድ 100፣ ማግኒዥየም ክሎራይድ 5፣ ኤዲፒ 0.6፣ ኤንኤዲኤች 0.2 ሚሊሞላር፣ ከዚያ ላክቴት ዲሃይድሮጅኔዝ። ፒኬኤም2 የሚያመርተውን ፒሩቬት ላክቴት ዲሃይድሮጅኔዙ ሲለውጥ ኤንኤዲኤች ስለሚጠፋ፣ የኤንኤዲኤች መቀነስ በ340 ናኖሜትር ይነበባል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፒኬኤም2 ወደ ፒሩቬት የሚለውጠውን ንጥረ ነገር፣ ፎስፎኢኖልፒሩቬቱን ነው። አነቃቂው የሚያሻሽለው ኢንዛይሙ ለዚህ ንጥረ ነገር ያለውን ቅርበት እንጂ ከፍተኛ ፍጥነቱን ስላልሆነ፣ ንጥረ ነገሩ ከበዛ ለውጡ ይሸፈናል። ከ2 ወደ 0.2 ሚሊሞላር ባወርደውም ውጤቱ ያው ነው። ላክቴት ዲሃይድሮጅኔዙን እጥፍ ሳደርግ ፍጥነቱ አልተለወጠም፤ ፒኬኤም2ን በግማሽ ስቀንስ ግን በግማሽ ወረደ። ፒሩቬት በቀጥታ ስጨምርም ውህዱ ላክቴት ዲሃይድሮጅኔዙን አይነካውም። ውህዱ የሚሟሟበት ዲኤምኤስኦ በሁሉም የመፈተሻ ጉድጓድ 1 በመቶ ነው።

ፍንጩ ይኸው፦ የፒኬኤም2 ተፈጥሯዊ አነቃቂ የሆነውን ስኳር፣ ፍሩክቶዝ 1፣6 ቢስፎስፌት፣ ብጨምርም ምንም አይቀየርም። ስለዚህ ፕሮቲኑ ከኢ. ኮላይ ሲወጣ ይህንን ስኳር ተሸክሞ የመጣ፣ ገና ከመጀመሪያው የነቃ ይመስለኛል። የአንድ ሌሊት ዳያሊሲስ (በስስ ሽፋን ማጣራት) አላላቀቀውም፤ ኢንዛይሙ ስኳሩን አጥብቆ ስለሚይዘው አይገርምም።

በአልዶሌዝ ስኳሩን ሰባብሮ ማጥፋት ያዋጣል? የምፈራው ከጡንቻ የሚወጣው አልዶሌዝ የራሱን ፒሩቬት ካይኔዝ ይዞ እንዳይመጣ ነው፤ የጡንቻው ዓይነት ኤም1 ደግሞ ያለ አነቃቂም ይሠራል። ወይስ በአሞኒየም ሰልፌት ማዝቀጥ ይሻላል? የፒኬኤም2ን አራት ክፍል ያለው ቅርጽ ሳያፈርስ የተሳካለት ካለ የጨው መጠኑንና የማጠቢያ ደረጃዎቹን ቢነግረኝ።