ለግንባታ የተገኘ ገንዘብ ለጥገና ለምን ይጠፋል?

ጥያቄ፦ ታዛቢ

በቅርቡ በአንድ የከተማ ምክር ቤት አዳራሽ ተገኝቼ፣ በመጪው ዓመት ረቂቅ በጀት ላይ የተካሄደውን የሕዝብ ውይይት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከታትያለሁ። ከከንቲባው ጽሕፈት ቤት የቀረበው ዋነኛ ፕሮጀክት አዲስ የባህልና የስብሰባ ማዕከል ሲሆን፣ ባለቀለም ሥዕሎች በስክሪን እየታዩ የተሰጠው ገለጻ ከ40 ደቂቃ በላይ ወስዷል። ለእያንዳንዱ ነዋሪ የተፈቀደው ግን 2 ደቂቃ ብቻ ነበር። ከተናጋሪዎቹ መካከል አንዲት እናት፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ስለሚያፈስ በዝናብ ጊዜ የሕፃናት ክፍሉ እንደሚዘጋና መደርደሪያዎቹ በላስቲክ ተሸፍነው እንደሚከርሙ ካስረዱ በኋላ፣ አዲስ ሕንፃ የሚያሠራ ገንዘብ ከተገኘ የአንድ ጣሪያ ማደሻ እንዴት እንደሚጠፋ ጠየቁ። የበጀትና ፋይናንስ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ የማዕከሉ ገንዘብ የካፒታል በጀት፣ ማለትም ለግንባታና ለመሳሰለው ዘላቂ ሥራ የተመደበ፣ በመሆኑ ለጥገናም ሆነ ለደመወዝ ሊውል እንደማይችል ተናግረው ቀጣዩን ተናጋሪ ጠሩ። እናቲቱም ወረቀታቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

ይህ መልስ እውነት ነው ወይስ ማምለጫ? በካፒታል በጀትና ለዕለት ተዕለት ወጪ በሚውለው መደበኛ በጀት መካከል ያለው ግድግዳ በእርግጥ የማይነካ ከሆነ፣ አንድ ነዋሪ በተሰጠችው 2 ደቂቃ ምን ብትጠይቅ ነው ቁም ነገር ያለው ምላሽ የምታገኘው?

መልስ 1፦ የቀድሞ የበጀት ባለሙያ

ሰብሳቢው የተናገሩት ሐሰት አይደለም። የካፒታል በጀት በአብዛኛው የሚመጣው ከብድር፣ ከቦንድ ሽያጭ ወይም ከማዕከላዊ መንግሥት ለተወሰነ ሥራ ከሚሰጥ ድጋፍ ስለሆነ፣ ገንዘቡ በውሉ ላይ ከተጻፈው ዓላማ ውጭ ቢወጣ የሚያስጠይቅ የኦዲት ግኝት ይሆናል። ደመወዝ፣ ነዳጅ፣ ጽዳትና መለስተኛ ጥገና ደግሞ በየዓመቱ ከሚሰበሰበው ግብርና የአገልግሎት ክፍያ መሸፈን አለባቸው።

ግድግዳው ያለምክንያት የቆመም አይደለም። የኒው ዮርክ ከተማ አስተዳደር ለዓመታት የዕለት ተዕለት ወጪዎቹን በካፒታል በጀት ስም እየመዘገበ በብድር ሲሸፍን ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ባንኮች የከተማዋን የዕዳ ሰነድ አንሸጥም ባሉ ጊዜ ደመወዝ መክፈል ሊያቅተው ተቃረበ። ከዚያ በኋላ የከተማዋ ፋይናንስ በተቆጣጣሪ ቦርድ ሥር ወደቀ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ተሰናበቱ፤ የምድር ባቡር ታሪፍም ከ35 ሳንቲም ወደ 50 ሳንቲም ከፍ አለ። ስለዚህ ገንዘቡን ከዚህ አንስታችሁ ወደዚያ አድርጉት የሚለው ጥያቄ፣ ቅን ቢሆንም እንኳ፣ ሰብሳቢው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊዘጉት የሚችሉት ጥያቄ ነው።

አንድ ነገር ግን እናቲቱ ሊነገራቸው ሲገባ አልተነገራቸውም። ቀዳዳ መድፈን ጥገና ነው፤ የሕንፃውን ዕድሜ በብዙ ዓመታት የሚያራዝም ሙሉ የጣሪያ ቅያሪ ግን በብዙ አስተዳደሮች የሂሳብ አሠራር እንደ ካፒታል ሥራ ይመዘገባል። በዚያ ስም ቢጠየቅ ጣሪያውና ማዕከሉ በአንድ ሰንጠረዥ ውስጥ ጎን ለጎን ተሰልፈው ይወዳደሩ ነበር። እኔ በሥራ ላይ በነበርኩበት ጊዜ ይህን ልዩነት ለነዋሪ ሲያስረዳ የሰማሁት ኃላፊ የለም፤ እኔም ብሆን ካልተጠየቅሁ አልናገርም ነበር።

መልስ 2፦ ግብር ከፋይ

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ ብስማማም ግማሹ የቀረ ይመስለኛል። ግድግዳው ገንዘብ ከካፒታል ወደ መደበኛ እንዳያልፍ ይከለክላል እንጂ ወጪ ከዚያ ወደዚህ እንዳይሻገር አይከለክልም። ብድሩ ከነወለዱ በየዓመቱ የሚመለሰው ከመደበኛው ገቢ ነው። ሕንፃው ተመርቆ ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላም መብራቱ፣ ጥበቃው፣ ጽዳቱ፣ የአሳንሰሩ እድሳትና የሠራተኞቹ ደመወዝ የሚጫነው፣ የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ወረፋ በሚጠብቅበት በዚያው ኪስ ላይ ነው። እንዲያውም አዲሱ ሕንፃ የአሮጌውን ጥገና የሚበላው በዚህ መንገድ ስለሆነ፣ ሁለቱ አይገናኙም ማለት በሕጉ ልክ ቢሆንም በተግባር ያሳስታል።

የግንባታው ዋጋ ራሱም ሲጸድቅ እንደነበረ አይቀጥልም። ዴንማርካዊው ተመራማሪ ቤንት ፍሊውብየርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት 258 የትራንስፖርት መሠረተ ልማት ፕሮጀክቶችን መርምረው፣ ከ10ሩ በ9ኙ ወጪው አስቀድሞ ዝቅ ተደርጎ መገመቱን፣ በባቡር ሥራዎችም ጭማሪው በአማካይ 45 በመቶ ገደማ መሆኑን አሳይተዋል። ጥናቱ ስለ መንገድና ባቡር እንጂ ስለ አዳራሽ አይናገርም፤ ሆኖም ፕሮጀክት ለማስጸደቅ ዋጋ አሳንሶ የማቅረብ ፈተና በሕንፃም ላይ የሚቀር አይመስለኝም። የካናዳዋ ሞንትሪያል ከንቲባ ዣን ድራፖ እ.ኤ.አ. ከ1976ቱ ኦሊምፒክ በፊት፣ ጨዋታው ይከስራል ማለት ወንድ አርግዞ ይወልዳል እንደማለት ነው ብለው ነበር፤ የስታዲየሙ ዕዳ ተከፍሎ ያለቀው ግን ከ30 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። አንድ ምክር ቤት ይህን ሁሉ እያወቀ የሚጠይቀውን ሰው የዕድገት ጠላት አድርጎ ማየቱ ነው የሚገርመኝ።

ስለዚህ በ2 ደቂቃው ውስጥ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ማዕከሉ ከተከፈተ በኋላ በዓመት ስንት ይፈጃል፣ ያ ገንዘብስ የሚመጣው ከየትኛው የመደበኛ በጀት አርዕስት ተቀንሶ ነው?

መልስ 3፦ የምክር ቤት ስብሰባ ተከታታይ

የከተማ ገንዘብ ችግር ሁሉ ከትልልቅ ሕንፃ የሚመነጭ ተደርጎ እንዳይወሰድ እሰጋለሁ። የእንግሊዟ በርሚንግሃም ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ከአስገዳጅ አገልግሎቶች ውጭ አዲስ ወጪ ማቆሙን ሲያሳውቅ፣ ዋና ምክንያት ተብለው የተጠቀሱት ለዓመታት የተጠራቀመ የእኩል ክፍያ ዕዳ (ለሴት ሠራተኞች ከወንዶቹ እኩል ሳይከፈል የቀረ ገንዘብ) እና ከታሰበው በላይ የፈጀ የኮምፒዩተር ሥርዓት ናቸው። ለዚህኛውም ለዚያኛውም የምረቃ ሥነ ሥርዓት አልተደረገም።

ከጥያቄው ይዘት ይልቅ ጊዜው ነው የሚያሳስበኝ። ረቂቁ ታትሞ ለሕዝብ ውይይት በሚቀርብበት ዕለት ድርድሩ በየመምሪያው ካለቀ ወራት ስለሚቆጠር፣ ከዚያ በኋላ የሚለወጠው እዚህም እዚያም ቁራጭ ነገር ነው። በብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ እ.ኤ.አ. በ1989 የተጀመረው አሳታፊ በጀት ትኩረት የሳበው፣ ነዋሪዎች ለአዲስ ሥራ ከሚውለው ገንዘብ ላይ የትኛው ሰፈር ምን ይቅደም የሚለውን ረቂቁ ከመዘጋጀቱ በፊት እንዲወስኑ በማድረጉ ነው። እናቲቱ ደብዳቤያቸውን ማስገባት የነበረባቸው መምሪያዎች ፍላጎታቸውን በሚያቀርቡበት ጊዜ ነው፤ ይህን ጊዜ የሚያሳውቅ ማስታወቂያ ግን በአብዛኛው አይለጠፍም።

ታዛቢ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ረቂቁን እንደገና ገልጬ የተባሉትን አርዕስቶች ፈለግሁ። የማዕከሉ ግንባታ በ3 የበጀት ዓመታት ተከፋፍሎ ሰፍሯል፤ ከሦስተኛው ዓመት በኋላ ለማስተዳደር የሚያስፈልገው ወጪ የሚጻፍበት ዓምድ በሰንጠረዡ ውስጥ ቢኖርም፣ በማዕከሉ ረድፍ ላይ ያለው ጭረት ብቻ ነው። ጣሪያው በስሙ አልተጠቀሰም። የከተማው የሕዝብ ሕንፃዎች በሙሉ በአንድ የጥገና አርዕስት ሥር ተጠቃለዋል፤ የተመደበውም ካለፈው ዓመት ጋር እስከ መጨረሻዋ አኃዝ አንድ ነው። ስለ ጭረቷ በጽሑፍ እንዲመለስልኝ ለኮሚቴው ደብዳቤ አስገብቻለሁ፤ የጣሪያውንም ጉዳይ እናቲቱ በካፒታል ጥያቄነት እንዲያቀርቡት አድራሻቸውን እያፈላለግሁ ነው።