ሲቪላይዜሽን 6፦ ኮረብታ ላይ የቆረቆርኳት ከተማ 4 ሰው ላይ ቆማ ቀረች

ጥያቄ
ሰላም ናችሁ። ሲቪላይዜሽን 6 የተባለውን የኮምፒውተር ስትራቴጂ ጨዋታ በኢትዮጵያ፣ በምኒልክ እየተጫወትኩ ነው። ጋዘሪንግ ስቶርም (የጨዋታው ማስፋፊያ) ተጭኗል፣ ፍጥነቱ ስታንዳርድ ነው። ኮረብታ ላይ ያለች ከተማ ከምታመነጨው ፌይዝ (የእምነት ነጥብ) 15 በመቶውን በሳይንስና በካልቸር ስለምታገኝ ሁለተኛዋን ከተማ ኮረብታ ላይ አደረግኳት። ወንዝም ሐይቅም ባሕርም አጠገቧ የለም። ግራነሪ (የእህል ጎተራ) አላት። ሦስቱ ሰዎች ማይን (የማዕድን ጉድጓድ) ያለው የሣር ኮረብታ ላይ፣ አንዱ ፓስቸር (የግጦሽ ቦታ) ያልተሠራለት በግ ላይ ይሠራሉ። ትርፍ ምግቡ በየተራው 4 ነው፤ 5ኛው ሰው ግን 44 ተራ ይፈጃል ይላል። ምግብ ከየት ልጨምር?

መልስ 1
ወንድሜ፣ ያጠረህ ምግብ አይደለም፣ ሃውዚንግ (ከተማዋ ለሰው ያላት መኖሪያ) ነው። ውሃ የሌላት ከተማ 2 ሃውዚንግ ብቻ ይዛ ትነሣለች፤ ባሕር ዳር ብትሆን 3፣ ወንዝ ወይም ሐይቅ ዳር ብትሆን 5 ነበር። ግራነሪው 2 ሲጨምር 4 ሆነ። አሁን ሰውህም 4 ነው። ሃውዚንግ ከሰው ቁጥር በ1 ብቻ ሲበልጥ እድገቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ እኩል ሲሆን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ሰው በ5 ሲበልጥ ጨርሶ ይቆማል። ስለዚህ ያ 4 ትርፍ ምግብ የሚቆጠርልህ እንደ 1 ነው። ከ4 ወደ 5 ለማደግ 44 ምግብ ያስፈልጋል፣ 44 ተራ ያለህም ለዚህ ነው። አሁን ምግብ ብትጨምር ከያንዳንዱ ሦስት አራተኛው ይባክናል።

መፍትሔው አኩዋደክት (ውሃ የሚያመጣ ቦይ) ነው፤ ኢንጂነሪንግ የሚባለውን ቴክኖሎጂ አጥና። ውሃ ለሌላት ከተማ የውሃውን ሃውዚንግ ከ2 ወደ 6 ያወጣል፤ ከግራነሪው ጋር 8 ይሆናል፣ 44ቱም ተራ ወደ 11 ይወርዳል። ከዲስትሪክት (ከተማዋ ከምትሠራቸው ልዩ ሰፈሮች) ገደብም አይቆጠርም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቦታው ላይ ነው፦ ከከተማዋ ዙሪያ ካሉት 6 ታይሎች (የካርታው ክፍሎች) በአንዱ ላይ መሆን አለበት፣ ያው ታይል ራሱ ደግሞ ወንዝ፣ ሐይቅ፣ ኦኤሲስ ወይም ተራራ መንካት አለበት። ተራራው ከተማዋን ቢነካ ብቻ አይበቃም። ሌላ ጊዜ ሴትለሩን (አዲስ ከተማ የሚቆረቁረውን) ከማሳረፍህ በፊት ያቺን ታይል ፈልጋት። ላግዠሪ (የቅንጦት ሀብት) ካለባት አትሆንም።

በጉ ላይ ፓስቸር ሥራ፤ ግማሽ ሃውዚንግ ይሰጣል። ማይን ምንም አይሰጥም። ኮረብታ ላይ እርሻ ደግሞ ሲቪል ኢንጂነሪንግ እስኪደርስ አይፈቀድም።

መልስ 2
በሃውዚንጉ እስማማለሁ። አኩዋደክቱ ካለቀ በኋላ ግን ምግቡም መፈለጉ አይቀርም፤ ከ5 ወደ 6 ለማደግ 55፣ ከ6 ወደ 7 ለማደግ 66 ምግብ ይጠየቃል። ያኔ ትሬደር (ነጋዴ) ላክ፣ ነገር ግን መነሻው ይቺው ትንሿ ከተማ ትሁን። ምግቡን የምታገኘው ትሬደሩ የሚነሣባት እንጂ የሚደርስባት አይደለችም፤ ይሄን ገልብጠው ዋና ከተማቸውን የሚያጠግቡ ብዙ ናቸው። ዋና ከተማህ ሆሊ ሳይትና ካምፐስ የተባሉት ዲስትሪክቶች ካሏት እያንዳንዳቸው 1 ምግብ ይጨምራሉ።

አሜኒቲንም (ሰዉን የሚያስደስተውን ነገር) አትርሳ። ከ3ኛው ሰው ጀምሮ ለሁለት ሁለት ሰው 1 ይፈለጋል፤ 7 ሲደርሱ 3። አንድ ላግዠሪ ለ4 ከተማ ለያንዳንዳቸው 1 አሜኒቲ ይሰጣል፣ የዚያው ዓይነት ሁለተኛው ግን አይጨምርም። ትርፍ ካለህ ለጎረቤት ሽጠው ወይም ለውጠው።

መልስ 3
እኔ በዚህ ሰዓት እድገቱን አላሳድድም። ዲስትሪክት የሚፈቀደው በ1፣ በ4፣ በ7 እና በ10 ሰው ነው። 5 እና 6 ብቻቸውን አዲስ ዲስትሪክት አያስገኙም። 4 ላይ የቆመች ከተማ ሴትለር ለማውጣት የተመቸች ናት፦ አንድ ሰው ብትሰጥ 3 ትሆናለች፣ እድገቷም ከሩብ ወደ ግማሽ ይመለሳል፣ የጠፋው ሰው በ33 ምግብ ይተካል። ለነገሩ በ44 ተራ የሚመጣን ሰው ከመጠበቅ ሁለት ሴትለር ማውጣት ይሻላል። ማግነስ የሚባለው ገቨርነር (የከተማ አስተዳዳሪ) ፕሮቪዥን የሚለውን ፕሮሞሽን (ማሻሻያ) ይዞ እዚያች ከተማ ከተቀመጠ ሰውም አይቀነስም።

ጠያቂው
በጣም አመሰግናለሁ። ተራራ የምትነካው ታይል አንዷ ብቻ ናት፣ ማይን ሠርቼባታለሁ። ልቀይር?

መልስ 1
ቀይራት። አኩዋደክቱ ሲቀመጥ ማይኑ ይፈርሳል፣ ያስቆጫል ግን ያዋጣል። ሰውየው ወደ ሌላ ታይል ስለሚዛወር ሲቲዝን ማኔጅመንትን (ሰው የት እንደሚሠራ የሚመረጥበትን) ክፈትና 2 ምግብ ያለው የሣር መሬት ላይ ቆልፈው፤ ራሱ እንዲመርጥ ከተተወ 1 ምግብ ያለበት ኮረብታ ላይ ሊሄድ ይችላል። ኢንጂነሪንግ እስኪያልቅ መልስ 3 እንዳለው ሴትለሩን አውጣ።