በ43 ዓመት ዕድሜ የብሎክቼይን ፕሮግራሚንግ ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ፣ ከደሴ
ጤና ይስጥልኝ። በሒሳብ ሠራተኝነት የምተዳደር የ43 ዓመት ሰው ነኝ፤ የሰፈራችን ቅሬ (ዕድር) ጸሐፊም ነኝ። ከኤክሴል ያለፈ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ከፍዬ የገባሁበት አንድ ሥልጠና ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በሶሊዲቲ ቋንቋ ስማርት ኮንትራት (በብሎክቼይን ላይ ተጭኖ ራሱ የሚሠራ ፕሮግራም) ያስጽፈን ስለነበር፣ በሦስተኛው ቀን ምንም ሳይገባኝ ተውኩት። ችግሩ ዕድሜዬ ነው ወይስ አካሄዱ? መብራት ካለ ማታ ማታ ሁለት ሰዓት አላጣም።

መልስ፣ ከኮምቦልቻ
ጋሼ፣ ችግሩ አካሄዱ ነው። ሶሊዲቲ ፕሮግራም መጻፍ ለሚችል ሰው የተሠራ ቋንቋ ስለሆነ፣ ፈንክሽን (በስሙ ሲጠራ አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ምን እንደሆነ ገና ያልለየ ጀማሪ ሁለት እንግዳ ነገሮች፣ ፕሮግራሚንግና ብሎክቼይን፣ በአንድ ጊዜ ይገጥሙታል። መጀመሪያ ጥቂት ወራት ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ብቻ ይማሩ። ከዚያ የቅሬዎን መዝገብ ለልምምድ ይጠቀሙበት፦ እያንዳንዱን የመዋጮ ገጽ እንደ አንድ ብሎክ ይቁጠሩትና፣ ከፓይተን ጋር አብሮ በሚመጣው ሃሽሊብ አማካይነት የገጹን ኤስኤችኤ-256 ሃሽ፣ ማለትም ከጽሑፉ በቀመር የሚወጣ አሻራ፣ ያስሉ፤ የሚወጣውን ባለ 64 ፊደልና ቁጥር አሻራ በሚቀጥለው ገጽ ራስጌ ላይ ያስፍሩ። ቀጥሎ በሦስተኛው ገጽ ላይ 50 ብር የነበረውን 60 ያድርጉት። አሻራው ፈጽሞ ስለሚለወጥ በአራተኛው ገጽ ራስጌ ካለው ጋር አይገጥምም። የብሎክቼይን «ሰንሰለት» የሚባለው ይኸው ነው።

መልስ፣ ከወልዲያ
ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ጸሐፊው ራሱ ከሦስተኛው ገጽ ጀምሮ ያለውን አሻራ ሁሉ እንደገና ቢያሰላው መዝገቡ ይገጥምለታል (ጋሼ፣ እርስዎን ማለቴ አይደለም)። ስለዚህ የመዝገቡ ቅጂ በብዙዎች እጅ መገኘቱና የትኛው ቅጂ እንደሚጸና የሚወስን የጋራ ደንብ መኖሩ ከሃሹ እኩል ይመዝናል። ለእውነተኛው ቅሬማ ደብተሩና የዳኛው ፊርማ ይበቃሉ፤ አባላቱ ይተዋወቃሉና።

ወደ ሶሊዲቲ ሲደርሱ ሙያዎ ከብዙ ወጣቶች ያስቀድምዎታል። የሶሊዲቲ ኮንትራቶች በሚሠሩበት ኢቴሪየም በተባለው ብሎክቼይን ላይ ገንዘብ የሚያዘው በሙሉ ቁጥር ብቻ ሲሆን፣ አንድ ኢተር (የኢቴሪየም ገንዘብ) 1 ብሎ 18 ዜሮ የሚከተለው ዌይ (ትንሹ መለኪያ) ነው፤ ብርን በሳንቲም ብቻ መመዝገብ እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ዘ ዳኦ ከተባለው ኮንትራት 3.6 ሚሊዮን ገደማ ኢተር የተወሰደውም፣ በሒሳብ ሰው ቋንቋ፣ ወጪው ሳይመዘገብ ገንዘቡ ከሣጥን ስለሚወጣ ነበር፦ ተቀባዩ ቀሪ ሒሳቡ ከመቀነሱ በፊት ተመልሶ ደጋግሞ ይጠይቃል፣ ኮንትራቱም ደጋግሞ ይከፍላል። በሰንሰለቱ ላይ የተጫነን ኮድ እንደ ተራ ፕሮግራም ገብቶ ማረም ስለማይቻል፣ ይህን ቅደም ተከተል አስቀድሞ ማየት የሚችል ዓይን ትልቅ ሀብት ነው።

ጠያቂው፣ ከደሴ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ወጪ ሳይመዘገብ ገንዘብ ማውጣት ምን እንደሚያመጣ ለእኔ ማስረዳት አያስፈልግም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ በሥልጠናው ላይ ዋሌት (የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳ) ከፍተን ገንዘብ እንድናስገባ ተነግሮን ነበር። ለመማር የግድ ነው?

መልስ፣ ከኮምቦልቻ
በጭራሽ። ሪሚክስ የሚባለው መጻፊያ በብራውዘር የሚከፈት ሲሆን፣ የልምምድ ኢተር ያለባቸው አካውንቶች አዘጋጅቶ ይሰጥዎታል፤ ኮንትራትዎን እዚያው ይሞክሩታል። ሲጠነክሩ ሴፖሊያ ወደተባለው የመሞከሪያ ኔትወርክ ይለፉ፤ የዚያም ኢተር በነፃ የሚታደል እንጂ የሚገዛ አይደለም። ብሔራዊ ባንክም ክሪፕቶን (እንደ ኢተር ያለውን ዲጂታል ገንዘብ) ለክፍያ መጠቀም ሕገ ወጥ መሆኑን በ2014 ዓ.ም. አስታውቋል። ዋሌትዎን የሚከፍቱትን 12 ወይም 24 የምሥጢር ቃላት እንዲነግሩት የሚጠይቅዎት ሰው ካለ፣ አሠልጣኝም ይሁን ማንም፣ ሌባ ነው።