ድርሻው ገጥሞ የሞኖመሮቹ ቅደም ተከተል ለምን ይስታል?

ሰንሰለት ቆጣሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በእኩል ሞል ከተቀላቀሉ ሁለት ሞኖመሮች (የሰንሰለት መገንቢያ ሞለኪውሎች)፣ ከስታይሪንና ከሜቲል ሜታክሪሌት፣ በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በራዲካል (ያልተጣመረ ኤሌክትሮን ባለው ጫፍ) የሚያድገውን ሰንሰለት በኮምፒውተር እያስመሰልኩ ነው። እያንዳንዱን ሞኖመር በዕጣ አወጣለሁ፤ የስታይሪን ዕድል 0.51፣ ማለትም በኮፖሊመሩ (ከሁለቱ በተሠራው ሰንሰለት) ውስጥ ያለው ድርሻ ነው። ድርሻው ይገጥማል። ሦስት ስታይሪን ተከታትለው የሚገኙበት መጠን ግን 13 በመቶ ይወጣል፤ በኤን ኤም አር (በማግኔት የሞለኪውል አወቃቀርን በሚያሳይ መለኪያ) የለካነው የዚህን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ምን ጎደለ?

አንጋፋው ራዲካል፦
የእርስዎ ዕጣ ከእርሱ በፊት የወጣውን አያውቅም። የሚያድገው ጫፍ ግን ማን እንደሆነ ምርጫውን ይለውጠዋል። ሜዮና ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1944 ያቀረቡት ሞዴል መነሻው ይኸው ነው፤ የሒሳብ ሰዎች የአንደኛ ደረጃ ማርኮቭ ሰንሰለት፣ ማለትም ቀጣዩ ዕጣ ከእርሱ በፊት ባለው አንድ ብቻ የሚወሰንበት፣ ይሉታል።

አንድ ጫፍ የራሱን ዓይነት የሚጨምርበት ፍጥነት ሌላውን ከሚጨምርበት ጋር ሲነጻጸር ለስታይሪን አር1፣ ለሜቲል ሜታክሪሌት አር2 ይባላል፤ ለዚህ ጥንድ አር1 0.52፣ አር2 0.46 ገደማ ነው። ሁለቱም ከ1 ስለሚያንሱ እያንዳንዱ ጫፍ ከዘመዱ ይልቅ ባዳውን ይመርጣል። በእኩል ድብልቅ፣ በስታይሪን ጫፍ ላይ ሌላ ስታይሪን የመጨመሩ ዕድል 0.52 ለ1.52 ሲካፈል፣ 0.34 ነው። 0.51ን በ0.34፣ ውጤቱን እንደገና በ0.34 ያባዙ፤ 6 በመቶ ገደማ ያገኛሉ። የአር1 እና የአር2 ብዜት 1 ቢሆን ኖሮ ለሁለቱም ጫፍ አንድ ዕጣ ይበቃ ነበር፤ እዚህ ግን 0.24 ነው። ለየጫፉ የራሱን ዕጣ ይስጡት። ድርሻ ስለገጠመ ብቻ ሞዴል ተረጋገጠ የሚባለውን ነገር እኔ ፈጽሞ አልወደውም።

ጠብታ፦
ምላሹ ብዙ ከገፋ የተረፈው ድብልቅም ይለወጣል። እዚህ በድብልቁ ውስጥ የስታይሪን ድርሻ 0.53 ሲሆን ድብልቁና ኮፖሊመሩ አንድ ስለሚሆኑ መንሸራተቱ ትንሽ ነው። አር1 55፣ አር2 0.01 በሆነው በስታይሪንና ቪኒል አሲቴት ቢሆን ግን ስታይሪኑ አስቀድሞ ያልቅ ነበር።

ሰንሰለት ቆጣሪ፦
ሁለት ዕጣ አደረግሁት፤ ገጠመ። አመሰግናለሁ። በዚሁ ሞዴል የሰንሰለቱን የዕድገት ፍጥነትም ላስላ?

አንጋፋው ራዲካል፦
አይሆንም። ፉኩዳና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 በዚሁ ጥንድ ላይ እንዳሳዩት፣ ድርሻውን በሚገባ የሚገልጸው ሞዴል ፍጥነቱን ይስታል። ለፍጥነቱ ከጫፉ በስተኋላ ያለውን ሞኖመርም መቁጠር ግድ ነው፤ ስለዚህ የጫፎቹ ዓይነት ከሁለት ወደ አራት ያድጋል።