አስቸኳይ፦ አዲሱ ማጫወቻ ሳሎን ብቻ ይሰማል፣ ሌላው ክፍል ሁሉ ጭጭ ብሏል

የሰማንያ ቀን እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦
እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። ነገ የልጄ ክርስትና ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ስልሳ ያህል እንግዳ ይገባል። ከጎንደር የመጣችው እናቴ መዝሙሩ ከላይኛው ክፍል እስከ ምድር ቤት እንዲሰማ ትፈልጋለች። የቤቱ የቀድሞ ባለቤት በአምስት ክፍሎች ኮርኒስ ውስጥ ስፒከር አስገብቶ በየግድግዳው የድምፅ መቆጣጠሪያ ቁልፍ ተክሏል። ሳሎን ያለው ሪሲቨር (ድምፁን ተቀብሎ ለስፒከር የሚልከው ዋናው ዕቃ) «ዞን 2» ከሚለው፣ ለሌሎቹ ክፍሎች ከተመደበው መውጫው ምድር ቤት ወዳለው አምፕሊፋየር ይልካል፣ አምፕሊፋየሩ ደግሞ ለክፍሎቹ ያከፋፍላል። ትናንት ከኢንተርኔት የሚያጫውት ትንሽ ማጫወቻ ገዝቼ ከሪሲቨሩ ጋር አገናኘሁት። ሳሎን ጥርት ብሎ ይሰማል። ክፍሎቹ ግን ምንም! ዞን 2ን አብርቻለሁ፣ ድምፁንም እስከ መጨረሻው ከፍቻለሁ። የሚገርመው የሪሲቨሩ ሬዲዮ በሁሉም ክፍል ይሰማል። ማጫወቻው ተበላሽቶ ይሆን? ወንድሜ የኮርኒሱን ገመዶች በሙሉ ሰብስቤ ከሳሎኑ ስፒከር ጋር ልጠምዝዛቸው እያለ ፒንሳ ይዞ ቆሟል።

ዳላስ ነኝ፦
እንኳን ማርያም ማረችሽ! ሁሉንም ከሶኬት ንቀዪና አምስት ደቂቃ ቆይተሽ መልሰሽ ሰኪ። ስልክሽና ማጫወቻው በአንድ ዋይፋይ ላይ መሆናቸውንም እዪ። የእኔ በዚህ ተስተካክሏል።

የቴክኒክ መምህር፦
እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ፒንሳውን ከወንድምዎ ይቀበሉት። በትህትና ነው የምለምንዎት። አብዛኛው የኮርኒስ ስፒከር 8 ኦም ነው፤ ኦም ዕቃው የኤሌክትሪኩን ፍሰት ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚለካበት ነው። አምስቱ በትይዩ ሲታሰሩ 8 ለ5 ይካፈላል፤ ለሪሲቨሩ የሚታየው ጭነት በአንድ ጎን 1.6 ኦም ብቻ ይሆናል። የሳሎኑ ስፒከር ሲጨመርበት ከዚያም ይወርዳል። የቤት ሪሲቨር በተለምዶ የሚሠራው ከ6 እስከ 8 ኦም ላለው ጭነት ነው። ጭነቱ በኦም ሲያንስ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ ይበዛል፣ ትራንዚስተሮቹ ይግላሉ። ዕድለኛ ከሆኑ የመከላከያው ክፍል ያጠፋዋል፤ ካልሆኑ በእንግዶችዎ ፊት ጭስ ያያሉ። ምድር ቤት ያለው አምፕሊፋየር የተቀመጠው ለዚሁ ነው፤ እያንዳንዱን ጥንድ ለብቻው ይመግባል። ተማሪዎቼ «ስፒከር ሲበዛ ድምፅ ይበዛል» ብለው ሲከራከሩኝ የተቃጠለ አምፕሊፋየር ከፍቼ አሳያቸዋለሁ፤ ሽታው ከእኔ ትምህርት ይልቅ ያሳምናቸዋል።

የሰማንያ ቀን እናት፦
መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፒንሳውን ተቀብያለሁ። ዳላስ፣ አጥፍቼ አበራሁት፣ ያው ነው። ዋይፋዩማ ባይሠራ ሳሎን እንዴት ይሰማ ነበር?

የድሮው ዘማሪ፦
ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ቅር አይበልሽና ነገሩ ከሥሩ አልገባኝም። ክርስትና እኮ ነው። ስልሳ ሰው ተሰብስቦ መዝሙር ከኮርኒስ ይውረድ? አንድ ከበሮ አምጡ፣ ሁለት እናቶች ያንሡት፣ ሌላው በጭብጨባ ይቀበል። እኔ በልጅነቴ ያየሁት ክርስትና ሁሉ ድምፁ የሰው ነበር። ምድር ቤት የተቀመጠው እንግዳም መዝሙር ሲሰማ ራሱ ወደ ላይ ይወጣል።

የሰማንያ ቀን እናት፦
አባቴ፣ ከበሮውም አለ፣ እናቴ ይዛው መጥታለች። ግን እንግዳው ከመግባቱ በፊትና ምግብ ሲቀርብ ቤቱ ዝም እንዳይል ነው። በዚያ ላይ እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃ አትወጣም አትወርድም፤ ያለችበት ክፍል ድረስ እንዲመጣላት እፈልጋለሁ።

የድሮው ዘማሪ፦
እንዲህ ከሆነስ ይሁን። ለእናትሽ ሰላምታዬን አድርሽልኝ።

ሜልበርን፦
እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ያን አሮጌ ነገር ሁሉ ነቅዬ ለየክፍሉ ገመድ አልባ ስፒከር እገዛ ነበር። ሁሉም ከስልክ ይታዘዛል፣ ራስ ምታት የለውም።

ሽቦና ብሎን፦
ሜልበርን፣ ግድግዳ ውስጥ የተዘረጋ ገመድ ሀብት ነው። አሁን ለማስዘርጋት ቢፈለግ ግድግዳ ይበሳል፣ ቀለም ይቀባል። የእሷ ችግር የአንድ ገመድ ይመስለኛል።
እህቴ፣ ያልነገርሽን ነገር አለ። ማጫወቻውን ከሪሲቨሩ ጋር ያገናኘሽው በምን ዓይነት ገመድ ነው?

የሰማንያ ቀን እናት፦
ጫፉ ላይ ቀይ ብርሃን በሚታይበት ቀጭን ጥቁር ገመድ። ሻጩ ድምፁ በዚህኛው ይጠራል ብሎ ነው የሰጠኝ። ቀይና ነጭ ጫፍ ያለውም ከካርቶኑ ውስጥ ነበር፣ አልተጠቀምኩበትም።

ዳላስ ነኝ፦
ማጫወቻውን ወደ ፋብሪካው ስሪት መልሺው። በጀርባው ያለችውን ቀዳዳ በመርፌ አሥር ሰከንድ ተጫኚ።

ሽቦና ብሎን፦
አትመልሺው! ምንም አልተበላሸም። ያ ጥቁር ገመድ ኦፕቲካል ይባላል፤ የሚያስተላልፈው ዲጂታል፣ ማለትም ድምፁ ወደ ቁጥር የተለወጠበት ምልክት ነው። በብዙ ሪሲቨሮች፣ በተለይ ዕድሜ በጠገቡት፣ ወደ ዞን 2 የሚያልፈው አናሎግ፣ ማለትም ወደ ቁጥር ሳይለወጥ በሽቦ የሚሄድ ድምፅ ብቻ ነው። ሪሲቨሩ ዲጂታሉን ወደ ድምፅ የሚለውጠው ለሳሎኑ ነው፤ ለዞን 2 የሚሆን ለዋጭ አልተሠራለትም። ሬዲዮው በሁሉም ክፍል የሚሰማው እዚያው ሪሲቨሩ ውስጥ አናሎግ ሆኖ ስለሚወጣ ነው። መልሱን አንቺው ራስሽ በጥያቄሽ ውስጥ ጽፈሽው ነበር።
አሁን ቀይና ነጩን ገመድ አውጪ። ከማጫወቻው መውጫ ወደ ሪሲቨሩ «ሲዲ» ወይም ሌላ ባዶ መግቢያ ሰኪው፤ ቀይ ከቀይ፣ ነጭ ከነጭ። ኦፕቲካሉ በተመደበበት መግቢያ ላይ ግን አትሰኪው፣ ያለዚያ ሪሲቨሩ ዲጂታሉን ሊያስቀድም ይችላል። ከዚያ በሪሞቱ «ዞን 2» የሚለውን ተጭነሽ ለዞኑ ለብቻው «ሲዲ»ን ምረጪለት። ሳሎኑ ላይ መምረጥሽ ለዞን 2 አይቆጠርም።

የመንታ አባት፦
እኔስ ክፍሎቹ ሕፃኗን ላለመቀስቀስ የተስማሙ መስሎኝ ነበር! ከመንታ ልጆች ጋር የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ጸጥተኛ ቤት አይጠግንም። ለማንኛውም፣ ገመዱን ቀይረሽ አሁንም ዝም ካለ አትደንግጪ፤ አንዳንድ ማጫወቻ በአንድ ጊዜ የሚያወጣው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ስልክሽ ላይ ባለው መተግበሪያው ውስጥ የድምፅ መውጫ የሚለውን ፈልገሽ ከኦፕቲካል ወደ አናሎግ ቀይሪው። ሕፃኗ የምትተኛበትን ክፍል የግድግዳ ቁልፍ ግን ዝጊው።

የሰማንያ ቀን እናት፦
ገመዱን ቀየርኩ፣ ዝም! ዓይኔ እንባ ሞላ። ከዚያ የመንታው አባት ያሉትን አደረግኩ። ተሰማ!! ምድር ቤት፣ ወጥ ቤት፣ እናቴ ክፍል፣ ሁሉም ጋ! እናቴ ከአልጋዋ ሆና እልል አለች። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ።
ግን አንድ ነገር አለ። ከመዝሙሩ ሥር «እምምም» የሚል ድምፅ ይሰማል። መዝሙሩን ሳቆመውም አይጠፋም። በኦፕቲካሉ ጊዜ አልነበረም። ቴሌቪዥኑም በየክፍሉ እንዲሰማ ብዬ ከኬብል ሳጥኑ ወደ ማጫወቻው መግቢያ አንድ ገመድ አስገብቼ ነበር፣ እሱ ያመጣው ይሆን?

ሜልበርን፦
የአምፕሊፋየሩ መሰኪያ ሦስት እግር ከሆነ ሦስተኛውን እግር ስበሪው፣ ወዲያው ይጠፋል።

የቴክኒክ መምህር፦
በፍጹም! ይህን ምክር ማንም አይከተል። ሦስተኛው እግር የመሬት መስመር ነው። ዕቃው ውስጥ ሽቦ ተላቆ ከብረት ሽፋኑ ጋር ቢነካካ ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚወስደው እሱ ነው። እሱ ከሌለ ሽፋኑን የነካ ሰው መንገዱ ይሆናል። ነገ ስልሳ ሰውና ሕፃናት የሚገቡበት ቤት ነው!
ድምፁ የመሬት ዙር የሚያመጣው ጉምጉምታ ነው። የኬብል ቴሌቪዥኑ ገመድ ቤቱ ሲገባ ከመሬት ጋር ይታሰራል፤ አምፕሊፋየሩ ደግሞ በራሱ ሶኬት በኩል ከመሬት ተያይዟል። በሁለቱ መካከል ያለው ትንሽ የቮልቴጅ ልዩነት በቀይና ነጩ ገመድ መከለያ ላይ ይጓዛል። በአሜሪካ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 60 ጊዜ ስለሚመላለስ ጉምጉምታውም በዚያው ልክ፣ አንዳንዴም በእጥፉ፣ ይሰማል። ኦፕቲካሉ ብርሃን እንጂ ሽቦ ስላልሆነ ነው በፊት ያልነበረው።

ሽቦና ብሎን፦
መምህሩ ልክ ናቸው። ሙከራው አንድ ደቂቃ ነው፤ ከኬብል ሳጥኑ የመጣውን ገመድ ከማጫወቻው ንቀዪ። ጉምጉምታው ከጠፋ ለነገ እንደተነቀለ ይቆይ፣ በክርስትና ቴሌቪዥን ማን ያያል። በኋላ የመሬት ዙር ማግለያ የምትባል ትንሽ ትራንስፎርመር ገዝተሽ በመካከል አስገቢ፤ ዋጋዋም ትንሽ ነው። ካልጠፋ ግን ሌላ ቦታ እንፈልጋለን፣ ጻፊልን።
ሌላም ልንገርሽ። የማጫወቻውን ድምፅ ወደ ላይኛው ጫፍ አድርሰሽ ተዪው፣ በየክፍሉ በግድግዳው ቁልፍ ቀንሺ። ማጫወቻው ላይ ዝቅ አድርገሽ አምፕሊፋየሩን ከከፈትሽው ጉምጉምታውንም አብረሽ ታጎዪዋለሽ።

ቦሌ ቡልቡላ፦
ከአዲስ አበባ ነው፣ ጣልቃ በመግባቴ ይቅርታ። እኔ በእንግዳ ማረፊያ የድምፅ ሥራ እሠራለሁ። የእኛ የኮርኒስ ስፒከሮች በ100 ቮልት መስመር የሚሠሩ ናቸው፣ በየስፒከሩ ትንሽ ትራንስፎርመር አለ። እንዲህ ያለ ማጫወቻ ላገናኝ ነው፤ ቀይና ነጩን ገመድ ወደ አምፕሊፋየሩ መግቢያ ብሰካ ችግር አለው?

የቴክኒክ መምህር፦
ችግር የለውም ወንድሜ፣ የሙዚቃ መግቢያው ላይ ይሰኩት እንጂ ማይክሮፎን በሚለው ላይ አይሁን፣ ድምፁ ይሰነጠቃል። 100 ቮልቱ ያለው በመውጫው በኩል ነው። በዚያ መስመር ላይ ትራንስፎርመር የሌለው ተራ 8 ኦም ስፒከር እንዳያስሩ።

ቦሌ ቡልቡላ፦
አመሰግናለሁ መምህር።

ሽቦና ብሎን፦
እህቴ፣ የኬብል ሳጥኑን ገመድ ነቀልሽው? ጉምጉምታው ጠፋ?

የድሮው ዘማሪ፦
ተዋት ልጄ፣ ይህን ጊዜ ዶሮ እየገነጠለች ይሆናል።

አትላንታ (ከሁለት ወር በኋላ)፦
ይህንኑ ችግር ስፈልግ ነው ያገኘኋችሁ። የእኔም ሬዲዮው በሁሉም ክፍል እየተሰማ ማጫወቻው ሳሎን ብቻ ነበር። ገመዱን ወደ ቀይና ነጭ ቀየርኩ፣ የዞን 2ን መግቢያ ለብቻው መረጥኩ፣ ሠራ። ጉምጉምታ የለኝም፣ ኬብል ቴሌቪዥን ግን ቤቴ ውስጥ የለም። የእሷ እንዴት ሆነ?