«ጆሮ ዳባ ልበስ» ያለና «ቸልተኛ» አንድ ናቸው?

የጎንደሯ፦
ሰላም ወገኖች። እዚህ ሜሪላንድ በአረጋውያን መንከባከቢያ ለሚሠሩ የኛ ልጆች የሥልጠና ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። የሕመምተኛው ደወል ሲጮኽ ያልተነሳ ሠራተኛ ምን ይባል? እኔ «ቸልተኛ» ብዬ ነበር። ጓደኛዬ «ጆሮ ዳባ ልበስ ያለ» በይው አለችኝ። የቱ ይሻላል? ደግሞስ ዳባ ምንድን ነው?

ቀለም ቀንድ፦
ዳባ የሚለበስ ቆዳ ነው። ስለ ባሕታውያን ሲወራ «ዳባ ለብሰው፣ ጤዛ ልሰው» ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። እሱ ነው። ጆሮ ላይ ቆዳ ቢደረብበት ምን ድምፅ ይገባል?

ሰዋስዉን ግን ልብ በይው። «ልበስ» ትእዛዝ ነው። ሰውየው የራሱን ጆሮ እያዘዘው ነው። ሰምቷል፤ ከዚያ አልሰማሁም ብሏል። ስለዚህ ለስንፍናም ለመርሳትም አይሆንም። ለእምቢታ ነው።

ነገረ ፈጅ፦
ቀለም ቀንድ በሰዋስው የደረሰበት ቦታ ሕጉም ይደርሳል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 59 ቸልተኝነትን ለሁለት ይከፍለዋል። አንዱ ጉዳት ሊመጣ እንደሚችል እያወቀ «ኧረ ምንም አይሆንም» ብሎ ያለፈ ነው። ሌላው ማወቅ ሲገባውና ሲችል ሳያስበው የቀረ ነው። «የመጣው ይምጣ» ብሎ ቁጭ ያለው ግን ከቸልተኛ መዝገብ ይወጣል። እሱ ወደ «ሆን ብሎ» ይሻገራል።

ሌላም አለ። አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው ስለመግደል ነው። የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ቅጣቱ ከፍ ይላል። ሕጉ ምሳሌ የሚጠራው ሐኪምንና ሾፌርን ነው። እኔ ይህ ጥንድ ሁልጊዜ ያስቀኛል። ግን ትክክል ነው፤ ሁለቱም ነፍስ ተሸክመው ነው የሚውሉት።

አንቺ ያለሽበት አገር ሕግ ሌላ ነው። እዚያ ካሳ ለመጠየቅ አራት ነገር መሟላት አለበት፦ ግዴታ መኖሩ፣ መጣሱ፣ ጉዳት መድረሱ፣ ጉዳቱም ከመጣሱ የመጣ መሆኑ። «ግዴታ» የሚለውን «ኃላፊነት» ብለሽ እንዳታለዝቢው። ኃላፊነት ለአለቃም ይሆናል።

የጎንደሯ፦
«አደራ»ስ? ለኛ ሰው ልብ የሚቀርበው እሱ አይደል?

ነገረ ፈጅ፦
ይቀርባል። ግን አደራ ሰጪና ተቀባይ ይፈልጋል። ራሱን ስቶ የመጣ ሕመምተኛ ለማንም አደራ አላለም። ግዴታው ግን አለ።

ሌሊት ተረኛ፦
ነርስ ነኝ። ሁላችሁም የረሳችሁት ሌላ ሰው አለ።

ጽኑ ሕሙማን ክፍል አንድ ሌሊት እደሩ። ማሽኑ ይጮኻል። ትሮጣላችሁ። ጣት ላይ የምትቆነጠጠው መለኪያ ተንሸራታ ነው። ታስተካክላላችሁ። አሁንም ይጮኻል። ሰውየው ተገላብጦ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን ጩኸቱ እንደ ዝናብ ይሆናል። አለ፤ ግን አትሰሙትም። እውነተኛው ጩኸት የሚመጣው ታዲያ በዚሁ ድምፅ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሆስፒታሎችን የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን በ2013 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ጉዳይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

ይህ ሰው ጆሮውን አላዘዘውም። ዳባው ሳያውቀው ነው የተሰፋበት። እኛ እርስ በርስ «ጆሮዬ ለመደው» ነው የምንባባለው። ለዚህ ሰው ስድብ ሳይሆን የማይረባውን ጩኸት መቀነስ ነው የሚያስፈልገው።

ቀለም ቀንድ፦
«ለመደው» ግሩም ነው። አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም።

ሌሊት ተረኛ፦
ስለ ጆሮ ከተነሳ አይቀር አንድ ልጨምር። የስኳር ሕመምተኛ እግር ደንዝዞ እንደሆነ በቀጭን ክር ይፈተሻል። ክሩ በ10 ግራም ግፊት ጎበጥ ይላል። አንዲት እናት ዓይናቸውን አስጨፍኜ አውራ ጣታቸውን ነካሁና «እማማ፣ ይሰማዎታል?» አልኳቸው። «አዎ ልጄ» አሉ። ተረከዛቸውን ነካሁ። «ይሰማዎታል?» «እሰማለሁ አልኩህ እኮ! ደንቆሮ መሰልኩህ?»

እግራቸው ምንም አያውቅም ነበር። የሰሙት ድምፄን ነው። ከዚያ ወዲህ «ስነካዎት ‹ነካኸኝ› ይበሉኝ» ነው የምለው። «የት ጋ ነው?» ብዬም እጨምራለሁ።

ቀለም ቀንድ፦
የአማርኛ ጥፋት ነው እንግዲህ! «ስሜት» ራሱ የወጣው ከ«ሰማ» ነው። ብርድ ይሰማናል፣ ሕመም ይሰማናል፣ ሽታም ይሰማናል። ለማየት ካልሆነ ለሁሉም ጆሮ እንልካለን። «የስሜት ሕዋሳት» ሲባልም ተጠንቀቂ፤ በባዮሎጂ መጽሐፍ «ሕዋስ» ሌላ ነገር ነው። ዓይን፣ ጆሮ፣ አፍንጫ፣ ምላስ፣ ቆዳ ብለሽ ብትዘረዝሪ ይሻላል።

የጎንደሯ፦
ጽሑፉ «ሕመምተኛው አጠገብ አታንሾካሹክ» ይላል። ይህ የጨዋነት ነገር ነው ወይስ የሕክምና?

ሌሊት ተረኛ፦
የሕክምና ነው። የነርስነት ሙያ ፈር ቀዳጇ ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጽፋበታለች። ሕመምተኛው በር ላይ የሚንሾካሾኩትን ለመስማት ጆሮውን ይቀስራል፣ ስለ እሱ እንደሆነ ይገምታል፣ ዕረፍቱን ያጣል። የኛ ቤተሰብ ደግሞ መርዶ እስኪመስል በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። ራሱን የሳተ ሰው አጠገብም ስሙን ጠርተን፣ ምን ልናደርግ እንደሆነ ነግረን ነው የምንነካው። አይሰማም ብሎ የማለ ማን አለ?

እህቴ፣ የመድኃኒቱ ክፍል ላይ ደርሰሻል? ትክክለኛ ሰው፣ መድኃኒት፣ መጠን፣ መንገድ፣ ሰዓት የሚለው? «ሰዓት» የሚለው ላይ ነው ፈተናው። በአማርኛ 8 ሰዓት ከቀኑ ከሆነ በፈረንጅ 2 ነው። ወረቀቱ ላይ 8፡00 ብሎ ሐኪሙ ያሰበው ግን የጠዋቱን 2 ሊሆን ይችላል። «በየ8 ሰዓቱ» ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው። ማንኪያም እንደዚሁ፤ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር፣ የሾርባው 15። «ማንኪያ» ብቻ ብለሽ ካለፍሽ ሦስት እጥፍ ልታሰጪ ነው።

ሰውየውንም «አቶ እገሌ ነዎት?» እንዳይሉት ጻፊላቸው። የኛ ሽማግሌ ለነጭ ጋወን ሁሉ «አዎ» ነው መልሱ። «ስምዎን ከነአባትዎ ይንገሩኝ» ይበሉት።

የጎንደሯ፦
ኧረ ተባረኩ። ደወሉን እንዲህ ልከፍለው ነው፦ ሰምቶ እምቢ ያለ «ጆሮ ዳባ ልበስ ያለ»፤ መነሳት ሲገባው ሳያስበው የቀረ «ቸልተኛ»፤ ከጩኸት ብዛት ያልሰማ «ጆሮው የለመደው»። ሦስተኛውን ለብቻው፣ ከቅጣት ክፍል አውጥቼ አደርገዋለሁ።

አሁን ወደ ገጽ 4 ልመለስ። «መድኃኒቱን 8 ሰዓት ላይ በማንኪያ ስጡ» ብዬ አርፌ ተኝቼ ነበር።