ፍሪጄ ከላይ ድንጋይ ያደርጋል ከታች አይሰራም፣ እውነት ጋዝ አልቆ ነው?

ማሚ ከሳሪስ፦
ሰላም ቤቶች፣ እስቲ ፍሪጅ የምታውቁ አንዴ ምከሩኝ። ባለ ሁለት በር ነው፣ ኖ ፍሮስት የሚሉት፣ በረዶውን ራሱ የሚያቀልጠው፣ ከገዛነው ስድስት ዓመት ሆኖታል። ፍሪዘሩ ሥጋውንም ቁሌቱንም ድንጋይ ያደርገዋል፣ ከታች ግን ምንም የለም፣ የማታ ወጥ ጠዋት ሳወጣው ኮምጥጦ ነው የሚጠብቀኝ፣ ወተትማ ማስቀመጥ ትቻለሁ። ሞተሩ ደግሞ አያርፍም ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ ያድራል። ሰፈር ያለ ሰራተኛ ጠራሁና መጣ፣ በሩን ከፈተ፣ እጁን ከታች አስገባ፣ "እማማ ጋዙ አልቋል" ብሎ 5,000 ብር አለኝ። የጋዝ ግፊት መለኪያ ጌጅ የለ ምን የለ፣ በእጁ ብቻ። (እማማ ያለኝን ለሌላ ቀን እናቆየው፣ ገና 41 ዓመቴ ነው።) ጾሙ ሊፈታ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው፣ ዶሮውም ቅቤውም የሚገባው እዚሁ ነው። ልክፈለው ወይስ?

ባለ ፒንሳ፦
እህቴ እንዳትከፍዪው። በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፣ የፍሪጅ ጋዝ እንደ ምድጃ ጋዝ እየተቃጠለ የሚያልቅ አይደለም፣ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ነው የሚዞረው፣ ከቀነሰ የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይፈልግ ሳይበይድ የሚሞላልሽ ሰው ከወር በኋላ ደግመሽ እንድትጠሪው ነው የሚሞላልሽ። ደግሞ ጋዝ ቢያንሰው ብዙ ጊዜ ፍሪዘሩም ይደክም ነበር፣ ያንቺ ሥጋ ድንጋይ ነው እያልሽ።
ኖ ፍሮስት ላይ ቅዝቃዜው የሚሰራው አንድ ቦታ ነው፣ ከፍሪዘሩ ጀርባ ፕላስቲኩ ኋላ፣ ከዛ ፋኑ እየነፋ ወደ ታች ያወርደዋል። እዛ ጋ በረዶ ስለሚይዝ በየተወሰነ ሰዓቱ ሂተር በርቶ ያቀልጠዋል። ሂተሩ ወይ ታይመሩ ወይ ሴንሰሩ ሲበላሽ በረዶው ይከመርና የንፋሱን መንገድ ይደፍነዋል፣ ታች ስለማይቀዘቅዝ ሞተሩም ማረፍ አይችልም።
ሙከራው ነጻ ነው። ዕቃሽን ጎረቤት አስቀምጪ፣ ከሶኬት ንቀዪው፣ ሁለቱንም በር ከፍተሽ 24 ሰዓት ተዪው፣ ከስር ጨርቅ አንጥፊ ውሃው ብዙ ነው። መልሰሽ ስትሰኪው ለጥቂት ቀን ታች አሪፍ ከሆነና ከዛ እንደገና ካስቸገረ ጋዝ አይደለም፣ ማቅለጫው ነው። ቀልጦም ለውጥ ከሌለው ፋኑን እዪው፣ አብዛኛው ላይ የፍሪዘሩን በር ከፍተሽ የበሩን ማብሪያ በጣትሽ ስትጫኚው ይዞራል።

የበርበሬ ቁምሳጥን፦
ብቻ ቢላ እንዳትነኪ!! የኔ የድሮው ባለ አንድ በር ነበር፣ ላይ በረዶው ተራራ ሆነብኝና እንግዳ ሊመጣ ነው ብዬ ቸኩዬ በቢላ ስፈነቅል ፉሽሽሽ አለ፣ አለቀ። አሉሚኒየሙ ለካ እንደ ወረቀት ስስ ነው። አንዱ በየደው፣ ሦስት ሳምንት ሰራና ተመልሶ ለቀቀ፣ አሁን በርበሬና ሽሮ አስቀምጥበታለሁ፣ አይጥ አይገባም ቢያንስ።

የኮተቤ ልጅ፦
ሰራተኛ ሁሉ ሌባ ነው እንዳይባል ብቻ፣ የኔ እውነትም ጋዙ ወጥቶ ነበር፣ ግን ሰውየው የሳሙና አረፋ ቀብቶ ቀዳዳውን አሳየኝ፣ ልዩነቱ እሱ ነው። ሌላው መብራታችን ነው። ጠፍቶ ወዲያው ሲመለስ ሞተሩ ውስጥ ያለው ግፊት ገና ስላልረገበ ለመነሳት ይታገላል፣ ቀጭ ቀጭ እያለ ይጠፋል፣ በዚህ ነው ሪሌይ (ሞተሩን የሚያስነሳው ዕቃ) እና ሞተር የሚቃጠለው። ስታብላይዘር ስትገዙ መብራት ሲመጣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ የሚያቆየውን ያዙ፣ ከሌላችሁ ነቅላችሁ ጠብቁ። ከምጣዱ ጋር አንድ ዲቫይደር ላይ መሰካትማ ይቅር።

ባለ ፒንሳ፦
ትክክል ወንድሜ። አንድ ልጨምር፣ ጋዝ የግድ ከሆነ ከኋላ ያለውን ወረቀት አንብቡ፣ የጋዙ ዓይነት አር 600ኤ ከተባለ እሳት የሚይዝ ነው፣ መጠኑም በጣም ትንሽ ስለሆነ በሚዛን እንጂ በግምት አይሞላም። ፊልተር ሳይቀይር፣ ቫኪዩም ሳያደርግ (ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ሳያወጣ) የሚሞላውን በር ላይ መልሱት።

ማሚ ከሳሪስ፦
ተመልሻለሁ! ያላችሁትን አደረግኩ፣ ባልዲ ሙሉ ውሃ ነው የወጣው። ከዛ አራት ቀን እንደ አዲስ ሰራና በአምስተኛው እንደ ልማዱ ሆነ፣ በሕይወቴ ፍሪጅ ስለተበላሸ እንደዚህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሌላ ሰራተኛ አመጣሁ፣ ፕላስቲኩን ፈትቶ በቴስተር ለካው፣ ሂተሩ ተቃጥሏል። ከመርካቶ አምጥቶ ገጠመው፣ ከነእጅ ዋጋው የዛኛው ግማሽ እንኳ አልሞላም። አሁን የቀረኝ ከአትክልቱ መሳቢያ ስር ውሃ እየተጠራቀመ ነው፣ ይሄስ ምንድነው?

ባለ ፒንሳ፦
የቀለጠው በረዶ ውሃ የሚወርድበት ቀዳዳ ተደፍኖ ነው፣ ሰራተኛው ሲፈታው የተላቀቀ ቆሻሻ ይሆናል። ንቀዪውና ሲሪንጅ ያለ መርፌው ለብ ያለ ውሃ ሞልተሽ ቀዳዳው ላይ ግፊበት፣ ኋላ ሞተሩ ላይ ያለው ሳህን ውስጥ ሲወርድ ከሰማሽ ተከፍቷል።